ስልኳ «እርስዎ» የሚላት ስንቅነሽ

እሺ ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። ማኅበሩ ሲደግስ ሽንኩርት የሚልጠው እሱ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ምስክር ሆኖ የሚፈርመው እሱ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ተጠርቶ ለሦስቱም «እመጣለሁ» ብሎ፣ ሦስቱም ቦታ ዘግይቶ ደርሶ፣ ሦስቱም ቦታ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ይወደዋል። አንድ ነገር ሲቸግረው ደግሞ ሰው ሁሉ ከማንም በፊት የሚያስበው እሱን ነው፤ ካልቸገረው ግን ትዝም አይለው።

በካርቱም ሐበሾች መካከል ይህን ማዕረግ የያዘችው ክብርት ወይዘሮ ስንቅነሽ ነበረች። ሐበሻ የሚበዛበት የዴም ሰፈር ሰው «እሜት እሺ» ነበር የሚላት። አገሯ አርማጭሆ፣ ዕድሜዋ አርባ አራት፣ ሥራዋ ሪያድ ሰፈር ሲት ኒዕማ በሚሏት እመቤት ቪላ ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ። በዚያ ቤት በኖረችበት አሥራ አንድ ዓመት «ላ»፣ እምቢ ማለት ነው፣ የሚለው ቃል ካፏ አልወጣም ይባላል። አረብኛዋ ደህና ነው፤ ግን ከምትናገረው ግማሹ «ሐዲር» ነው፣ እሺ፣ ዝግጁ ነኝ ማለቷ።

የዕረፍት ቀኗ ጁምዓ፣ ዓርብ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትስምና ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ዴም መጥታ፣ ስልኳን እንደታመመ ሕፃን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በቀጥታ ወደ ዘርይሁን ሱቅ ትገባለች።

ዘርይሁን የስልክና የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ በፖለቲካ ምክንያት ድንበሩን ያቋረጠው ለስድስት ወር ብሎ ነበር። ስድስቱ ወር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያ ራዲዮ ጠገነ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ዘመኑ ያመጣውን ሁሉ። ሚስት አላገባም፤ ሲጠየቅ «ልመለስ ስል ነው» ይላል። ብዙ የማይስቅ፣ ቶሎ የሚሰለቸው፣ ግን የሰው ችግር ሁሉ ካለማወቅ ይመጣል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። ይህ እምነቱ በየሳምንቱ ጁምዓ ቀን ይፈተናል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ይተኩሳል» ትለዋለች ስልኩን እያቀበለችው።

ከፍቶ ያያል። አራት የእጅ ባትሪ፣ ሦስት የቀን መቁጠሪያ፣ አንድ ኮምፓስ፣ ሰው በባሕርዩ የትኛውን እንስሳ እንደሚመስል የሚናገር አንድ ነገር። ሁሉም ሁሉን እንዲያዩ ተፈቅዶላቸዋል። ፎቶዋን፣ ድምፅዋን፣ ያለችበትን ቦታ፣ የምታውቃቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር።

«ይህ ባትሪ የሰዎችሽን ስልክ ቁጥር ለምን ይፈልጋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ። ጠየቀኝ፣ ፈቀድኩለት።»

«መብራት ነው እኮ። ለማን ይደውላል?»

«ቸግሮት ይሆናል።»

ዘርይሁን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ያሻል። አንድ በአንድ ያጠፋላታል። በሚቀጥለው ጁምዓ አምስት ባትሪ ይዛ ትመጣለች።

ሱቁ ውስጥ ሰው ፎርም የሚሞላበት አንድ ኮምፒውተር ነበረ። አንድ ቀን ዘርይሁን ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ «አንድ አፍታ ሱቁን እዪልኝ» አላት። እሷም፣ እንደ ልማዷ፣ እሺ አለች። ሲመለስ ስንቅነሽ ኮምፒውተሩ ፊት እጇን አጣምራ እንደ እንግዳ ተቀባይ ተቀምጣለች። በሌለበት ሰዓት አንድ ሰማያዊ ሳጥን ብቅ ብሎ «ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዲለውጥ ይፈቀድለት?» ብሎ ጠይቋታል። ፈቅዳለታለች። ሌላም መጣ፤ ለእሱም ፈቀደች። ሰባት ጊዜ ተጠይቃ ሰባቱንም አስተናግዳ ሸኝታለች። ኮምፒውተሩ ወር ሙሉ በከፈቱት ቁጥር ራሰ በራ ለሆኑ ሰዎች የሚሆን ቅባት በቱርክ ቋንቋ ሲያስተዋውቅ ከረመ። ዘርይሁን ራሱ ራሰ በራ ስለነበር የዴም ሰው ነገሩን በቀላሉ አልተወለትም።

ስልኳ መጀመሪያ በአረብኛ ነበር። አረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም፤ አማርኛ ግን አገሯ ሳለች በመሠረተ ትምህርት ተምራለች። ዘርይሁን «ችግሩ ይኼ ነው» አለና ቋንቋውን ወደ አማርኛ ለወጠላት። አሁን ስልኩ የሚጠይቀውን እያነበበች ትወስናለች ብሎ አሰበ። በመፍትሔው ሳምንቱን ሙሉ ረክቶ ሰነበተ።

በጁምዓው ስንቅነሽ ፊቷ በርቶ መጣች። ስልኩ ከወትሮው ይልቅ ሞልቷል።

«አላነበብሽውም?» አላት።

«አንብቤዋለሁ እንጂ። ጋሼ፣ እንዲህ በትሕትና ነበር እንዴ ሲለምነኝ የኖረው?» ስልኩን ከፍታ አሳየችው። «ይኸው፣ ‹እውቂያዎችዎን እንዲያይ ይፈቅዳሉ?› ነው የሚለኝ። እርስዎ እያለኝ። በዚህ አገር እርስዎ ያለኝ ሰው የለም። እንዴት አድርጌ እምቢ ልበለው?»

ዘርይሁን ስልኩን ተቀበላት። ቋንቋውን ወደ አረብኛ ሊመልሰው አስቦ ነበር፤ ደስታዋን አይቶ ተወው። በኋላ ብዙ ጊዜ የተጸጸተው በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው የሱዳኑ ጦርነት ሊመጣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው።

በዚያ ዓመት ክረምት አንድ መልእክት ከስልክ ስልክ ይዞር ጀመር። «የስደተኞች አዲስ ምዝገባ፤ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ» ይላል፤ ከሥሩ የሚነካ መስመር አለ። ስንቅነሽ ጋ የደረሰው ኩሽና ውስጥ ሆና ምሳ ልታቀርብ ስትጣደፍ ነው። ነካችው። ስልኩ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ነገር ሊጭን መሆኑን ነገራትና ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቃት። ፈቀደች። ስሞቹን ልይ አለ፤ ፈቀደች። መልእክት ላንብብ፣ ልላክ አለ፤ ፈቀደች። በመጨረሻ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ልቆጣጠር አለ። ሲት ኒዕማ ከሳሎን እየተጣራች ስለነበር ስንቅነሽ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ «ሐዲር» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘርይሁን ያወቀው በማግስቱ ሰው እየተንጋጋ ሱቁ ሲመጣ ነው። ስልኳ በስሟ፣ ለምታውቀው ሰው ሁሉ፣ ያንኑ መስመር ልኳል። «እኔ ተመዝግቤያለሁ፣ አንቺም ፈጥነሽ ተመዝገቢ» ይላል። ከሌላ ሰው ቢመጣ የሚጠራጠር ይኖር ነበር። ከስንቅነሽ ነው የመጣው። እሜት እሺ በሰው ላይ ክፉ አድርጋ ታውቃለች? ሁሉም ነካው። ዘርይሁን ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ሳይቀምስ፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ሲቆም ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ የሰው ስልክ ሲያጸዳ ከረመ። የአብዛኛው ጉዳት በዚያ አበቃ።

የልደት ግን አላበቃም።

ልደት ድንበር ከተሻገረች ዓመት ያልሞላት፣ ዴም ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን የምታጥብ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሥራውን ያስያዘቻት ስንቅነሽ ናት። ፎርሙን እንደታዘዘችው ሞላች፤ ስሟን፣ የእናቷን ስም፣ የምታድርበትን ቤት፣ የስደተኛ ካርዷን ፎቶ። በሳምንቱ አንድ ሰው ደወለላት። ከቢሮ ነኝ አለ። ስሟን ጠራ፤ የእናቷን ስም ጠራ፤ የካርዷን ቁጥር አነበበላት። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ሌባ ይሆናል? ዋናውን ካርድ ለማኅተም አምጪ አላት። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሥር ተቀብሏት ወደ ውስጥ ገባ። ልደት ደጁ ላይ አራት ሰዓት ጠበቀች። ሕንፃው በጀርባው ሌላ በር ነበረው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካሻ መጣ። ካሻ የሚሉት የውጭ አገር ሰው የሚታፈስበትን የፖሊስ ዘመቻ ነው። ካርድ ያሳየ ተለቀቀ። ልደት የምታሳየው አልነበራትም። ስንቅነሽ ከሥራዋ አስፈቅዳ ሁለት ጊዜ ጣቢያ ምግብ ይዛ ሄደች፤ በሦስተኛው ስትሄድ ጭነው ወደ ድንበር ወስደዋቸዋል ተባለች። ከዚያ ልደት ከድንበሩ ማዶ፣ ገንዳ ውኃ ታይታለች የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ስልኳ አይነሳም።

በዚያ ጁምዓ ስንቅነሽ ወደ ሱቁ ስትገባ ስልኩን በነጠላ አልጠቀለለችውም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን ሰበሰበች።

«ጋሼ» አለች፣ «እምቢ የሚባለው እንዴት ነው?»

ዘርይሁን ይህን ጥያቄ ለሁለት ዓመት ሲጠብቅ ነበር። ሲመጣ ግን ደስ አላለውም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሦስት ነገር ጠይቂ» አላት። «አንደኛ፣ ማን ነው የጠየቀኝ? ሁለተኛ፣ እኔ ጠርቼው ነው ወይስ ሳልጠራው የመጣ? ሦስተኛ፣ የሚፈልገው ነገር ለሥራው ያስፈልገዋል ወይ? አገር ቤት በምስል ስትደውዪ ካሜራሽን ቢጠይቅሽ፣ የጠራሽው አንቺ ነሽ፣ ሥራውም ያው ነው፤ ፍቀጂ። ባትሪ ካሜራሽን ቢጠይቅሽ ግን ምን ሊያደርግበት?»

«ባይገባኝስ?»

«ካልገባሽ አትፍቀድ የሚለውን ንኪ። ዛሬ እምቢ ያልሽውን ነገ መፍቀድ ትችያለሽ። ዛሬ ፈቅደሽለት ከወሰደ ግን የወሰደውን አይመልስም። ሁሉን ልቆጣጠር የሚልሽን ደግሞ እንኳን አንቺ እኔም አልፈቅድለትም። እሱ የቤቱን ቁልፍ ነው የሚለምንሽ። ቸኩይ ካለሽ ያኔ ስልኩን አስቀምጪና ሰው ጠይቂ።»

«እርስዎ እያለኝም?»

«እርስዎ እያለሽም።»

ተለማመዱ። ዘርይሁን ከሌላ ስልክ ሆኖ የሚጠይቅ ነገር ይልክላታል፤ እሷ ጣቷን ታነሣለች፤ ጣቷ ወደ ለመደችው ይሄዳል፤ በመንገድ ትመልሰዋለች። አትፍቀድ የሚለውን በነካች ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ «ማዓሌሽ» ትላለች፣ ይቅርታ ማለቷ ነው፣ ለስልኩ። ዘርይሁን ይህን ሊያስተዋት ሞከረና አልቻለም።

አንድ ሰሞን ደግሞ ነገሩ ከረረ። ለሁሉም እምቢ አለች። ለስልኩ መደወያ እንኳ ማይክሮፎኑን ከለከለችው። ሳምንቱን ሙሉ እየደወለች ስትናገር ማንም አይሰማትም፤ አገር ቤት ያለችው እህቷ ድምፅዋ ተዘግቶ ታማለች ብላ ሱባዔ ገባች። ዘርይሁን ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብሎ ሳቀ። ስንቅነሽ አልሳቀችም። «የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ሥራውም ይኼ ነው» አለች ለራሷ፣ አስተካከለችውና ዳግመኛ አልተሳሳተችም።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አላሰበውም። በሪያድ ሰፈር ቪላዎች የሚሠሩ ሴቶች ጁምዓ ጁምዓ እሷን ፍለጋ ይመጡ ጀመር። ዘርይሁንን አይጠይቁትም፤ እሱ ይቆጣል። ከሱቁ ፊት ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቅነሽ ትቀመጣለች፤ ግራና ቀኟ ሴቶች። «ሰዓት የሚያስታውሰኝ ነገር ፎቶሽን አሳዪኝ አለኝ» ትላለች አንዷ። ስንቅነሽ ስልኩን ሳትነካ «አንቺ ነሽ የጠራሽው?» ትላለች። «ሰዓት ለመቁጠር መልክሽን ማየት ምን ያደርግለታል?» መልሱን እሷ አትሰጥም፤ ሴትየዋ ራሷ እስክትደርስበት ትጠብቃለች። በመጨረሻም ዘወትር አንድ ነገር ትነግራቸዋለች። ስለ ልደት። ስሟን አትዘልም፤ የማን ስልክ እንደላከባትም አትዘልም። አንዳንዶቹ በዚህ ጊዜ ወደ መሬት ያያሉ። እሷ ግን ቀና ብላ ነው የምትናገረው።

ዘርይሁን ከውስጥ ሆኖ ይሰማታል። ለማኅበሩ እንደ ቀድሞው ሽንኩርት አትልጥም ብሎ የተቆጣ ሰው እንዳለ ሰምቷል። እሱም ትንሽ ሳይከፋው አልቀረም። ስንቅነሽ ቀድሞ በየጁምዓው ሱቁን ጠርጋ፣ ሻይ አፍልታ ነበር የምትሄደው፤ አሁን ጊዜ የላትም። አቧራው በኮምፒውተሮቹ ላይ ተቀምጧል። አልጠየቃትም ነበር ያኔም፤ አሁንም ለምን ቀረ ብሎ አልጠየቃትም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ስንቅነሽ ሻንጣ ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ዘርይሁን ማክሰኞ ቀን አይቷት አያውቅም። መበየጃውን አስቀመጠ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ተቀመጠች። ውኃ ሰጣት፤ ጠጣችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጎረቤታችን ቤት የምትሠራ ልጅ ጠፍታ ነበር» አለች። «ሲት ኒዕማ ፈራች መሰለኝ። ስልኬን ተቀብላ አንድ ነገር አስገባችበት። ‹ጁምዓ ስትወጪ የት እንዳለሽ እንዳውቅ ነው፣ ለአንቺም ደህንነት ነው› አለችኝ። ከዚያ ስልኩ ጠየቀ። ያለሁበትን ሁልጊዜ ይወቅ ወይ አለ። ድምፄንም ይስማ ወይ አለ። ሲት ኒዕማ ልትነካው ጣቷን ስትዘረጋ፣ ‹ቆዪ፣ ያ ሲት፣ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ› አልኳት።»

«እሷስ?»

«ሳቀች። ጨዋታ መስሏት። ስልኬን ወሰድኩና አትፍቀድ የሚለውን ነካሁ። ሁለቱንም። ከዚያ አልሳቀችም።»

«ምን አለችሽ?»

«‹ይህን ካልፈቀድሽ እንዴት ነው ልጆቼን የማምንሽ?› አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ልጆቿን ሳሳድግ የት እንዳለሁ አጥታው አታውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። ‹ኻላስ› አለች። በቃ።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ክፉ ሴት አይደለችም ጋሼ። እሺ ማለቴን ለምዳው ነው። ትንሿ ልጅ ከክፍሏ ሳትወጣ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ያስተማርኩሽ ለስልክ ነበር» አለ ዘርይሁን።

«ስልኩ ላይ ነው እምቢ ያልኩት።»

ተነሣ። የሚያደርገው ሲጠፋው ሥራ ይፈልጋል። ከሱቁ ጀርባ የሞቱ ኮምፒውተሮች የሚያከማችባት አንዲት ክፍል ነበረችው። በሩን ከፈተና ዕቃውን እያነሣ ወደ ውጭ ያወጣ ጀመር። ስክሪን፣ ሽቦ፣ የተሰበረ ወንበር። እያወጣ ያወራል። አልጋ ከጎረቤቱ ከወለተማርያም ቤት እንደሚያመጣ፣ መስኮቱን እንደሚያስጠግን፣ ሴቶቹን ጁምዓ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ማስተማር እንደምትችል፣ እሱ ሲወጣ ሱቁን እንደምታይ፣ ሻይም ቢሆን...

«ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ክፍሉን እያጸዳሁልሽ ነዋ። እዚህ ትሆኛለሽ።»

«ጠየቅከኝ እንዴ?»

በቁጣ አልነበረም ያለችው። በየጁምዓው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሴቶቹን በምትጠይቅበት ድምፅ ነው። ዘርይሁን አንድ የሞተ ስክሪን እንደታቀፈ ቆመ። ሱቁን ስትጠርግለት የኖረችበት ጁምዓ ሁሉ ዓይኑ ላይ መጣበት። ወንድሙ ከአገር ቤት ሲመጣ ለሁለት ሳምንት ያበሰለችው፤ ቤት ሲለውጥ ምንጣፉን በጭንቅላቷ የተሸከመችው፤ «አንድ አፍታ ሱቁን እዪልኝ» ያላት። ሰው ሁሉ በእሷ እሺታ ይኖራል ብሎ ሲታዘብ፣ እሱ ራሱ ከሁሉም በላይ ሲኖርበት ነበር። እምቢ ማለትን ሲያስተምራት አንድም ጊዜ ለእሱ እምቢ ትለዋለች ብሎ አላሰበም።

ስክሪኑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ስንቅነሽ፣ እዚህ ትቆያለሽ ወይ?»

«አልቆይም።»

ከዚህ በኋላ «ማዓሌሽ» ትላለች ብሎ ጠበቀ። አላለችም።

«ለምን ብዬ ብጠይቅሽስ?»

«ጠይቀኝ እንጂ። ልደትን ልፈልግ ነው የምሄደው። ገንዳ ውኃ ታይታለች ብለዋል። ካጣኋት እስከማገኛት እጠይቃለሁ። ሳገኛት ምን እንደምላት አላውቅም፣ ግን በስልክ የሚባል ነገር አይደለም።»

በማግስቱ ጠዋት በድንበሩ መንገድ ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው አውቶቡስ ድረስ ሸኛት። ሻንጣዋን ልያዝልሽ ብሎ ጠየቃት፤ ያዘው አለችው። አቧራ ነበረ፤ ብዙ አልተነጋገሩም። ሲመለስ ክፍሏ ጸድታ፣ በሯ ተከፍቶ፣ ባዶዋን ጠበቀችው። ዕቃውን መልሶ ሊያስገባበት ፈለገና እጁ አልታዘዝ አለው።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጁምዓ አንድ መልእክት ይደርሰው ነበር። የመጀመሪያው፣ «ልደትን ገንዳ ውኃ አገኘኋት፤ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ አላናገረችኝም፤ ነገም እሄዳለሁ» ይላል። የሚቀጥለው፣ «ዛሬም አላናገረችኝም» ይላል። ከዚያ፣ «ዛሬ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ደንበኛ መስዬአት ይሆናል።» በአምስተኛው ሳምንት፣ «ዛሬ ሰደበችኝ፤ ጥሩ ነው» የሚል ብቻ መጣ። ዘርይሁን ሴቶቹን ለማስተማር ሞክሮ ነበር፤ ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈላቸው። ግን ይቆጣል። ቀስ በቀስ መምጣት ተዉ።

ጦርነቱ የጀመረው በቀዳም ሥዑር ጠዋት ነው። የዴም ሰው ለፋሲካ ዶሮ ገዝቶ ነበር። ፋሲካው ቀረ። መብራት ሄደ፤ ውኃ ሄደ፤ ኔትወርክ ይመጣል ይጠፋል፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ዘርይሁን ሁለት ጀሪካን ይዞ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ወረፋ በቆመበት ሰዓት የሱቁ ጀርባ ተመታ። ሲመለስ የፊቱ ግድግዳ ቆሟል፤ የለጠፈው ወረቀት እንኳ አልወደቀም። የጸዳችው ክፍል ግን አልነበረችም። መስኮቷም፣ ከወለተማርያም ቤት ተውሶ ሳይመልሰው የቀረው አልጋም፣ ድንጋይና ቆርቆሮ ሆነዋል። አልጋውን ለምን እንዳመጣው ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብሎ ነው።

ጀሪካኖቹን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ስንቅነሽ እሺ ብላው ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ ቁርስ ልታቀርብ ትጣደፍ ነበር።

ወጣ። መዳኒ ከተማ አሥራ አንድ ቀን ቆየ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ገዳሪፍ። ገዳሪፍ አንድ የኒም ዛፍ ሥር፣ ከሻይ ሻጯ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲከፍተው ኔትወርክ መጣ። የሃያ ምናምን ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ ይዘንብ ጀመር። ከስንቅነሽ ብቻ አሥራ ሰባት ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ «ጋሼ አለህ?»

«ክፍሉ ፈርሷል» ብሎ ጻፈላት። «ያጸዳሁት ክፍል። እዚያ ባለመሆንሽ እግዚአብሔር ይመስገን። እምቢ ማለትሽ ትክክል ነበር።»

ረጅም ነገር ትጽፍልኛለች ብሎ ጠበቀ። መልሱ በደቂቃ መጣ።

«አንተ የት ነበርክ?»

ከካርቱም ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆታል። ወረቀትህ የታለ፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ይዘሃል። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዘርይሁን መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ አጠለቀው፤ ጽሑፉ ግን አሁንም አልጠራለትም።

«ውኃ ወረፋ ላይ ነበርኩ» ብሎ ጻፈ። «ደህና ነኝ። ናፍቀሽኛል።»

የመጨረሻዋን ቃል አጠፋት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስልኩን እያየ ቆየ። ከዚያ መልሶ ጻፋትና ላከው።